የአሮጌ መኪና ጥማት፤ መንሥኤውና መድኃኒቱ

በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ ከተቈረቈረችው ከሞያሌ ተነሥቶ በኬንያ ምድር የሚጓዝ መንገደኛ መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ሶሎሎ ከምትባለው ከተማ ይደርሳል። ሶሎሎ በማርሳቢት ካውንቲ የምትገኝ፣ ቦረናዎች ከብታቸውንና ግመላቸውን እያረቡ የሚኖሩባት ቆላማ አገር ናት። የሚሲዮን ሆስፒታል አላት፤ ትምህርት ቤት አላት፤ ገበያም አላት። ነገር ግን ለከፍተኛ ሕክምና፣ ለንግድ ወይም ለመንግሥት ሥራ ከዚያ የሚወጣ ሰው የሚጠብቀው መንገድ ረጅም ነው። ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት ከተማ ብቻ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በእንዲህ ያለ አገር መኪና የቅንጦት ዕቃ አይደለም፤ ቤንዚኑም በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በሚያስኬደው ርቀት ይቈጠራል።

ነገሩን በቍጥር እንመልከተው። የቤንዚን መያዣው 50 ሊትር የሚይዝ አንድ መኪና በሊትር 11 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ቢሆን፣ አንድ ጊዜ ሞልቶ 550 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ከሞያሌ ማርሳቢት ደርሶ ተመልሶም ጥቂት ይተርፈዋል። ያው መኪና በእርጅናና በቸልተኝነት ምክንያት በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሄድ ቢሆን ግን 400 ኪሎ ሜትር ላይ ይደርቃል። መኪናው በሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት የጫነ እንደ ሆነ፣ በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የሕይወትና የሞት ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ለቤተ ሰብ ሒሳብም እንዲሁ ነው። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው መኪናው በሊትር 11 ኪሎ ሜትር ቢሄድለት 91 ሊትር ያህል ይበቃዋል፤ በሊትር 8 ቢሄድ ግን 125 ሊትር ያስፈልገዋል። ልዩነቱ በወር 34 ሊትር፣ በዓመት ከ400 ሊትር በላይ ነው። ይህም ከልጆች የትምህርት ክፍያ፣ ከቤት ኪራይ ወይም ከዕለት ቀለብ ላይ እየተቈረሰ በጭስ ማውጫ በኩል የሚወጣ ገንዘብ ነው።

የቤንዚን ዋጋ በአገራችን ቀላል ታሪክ የለውም። በየካቲት ወር 1966 ዓ.ም. ዋጋው በጨመረ ጊዜ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቁመው ነበር፤ ያም አድማ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ካናወጡት ነገሮች አንዱ ሆኖ በታሪክ ተመዝግቧል። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም መንግሥት ለነዳጅ ይሰጥ የነበረውን ድጐማ ደረጃ በደረጃ ማንሣት ስለ ጀመረ ዋጋው በየጊዜው ከፍ ብሏል። በኬንያ በኩል ደግሞ ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት በየወሩ ለየከተማው ዋጋ ይወስናል፤ ቤንዚኑ ከሞምባሳ ወደብ በራቀ መጠን የማጓጓዣው ወጪ ስለሚታከልበት፣ ሞያሌ የሚደርሰው ከናይሮቢው ይልቅ ውድ ነው።

ታዲያ አሮጌውን ሸጦ ዐዲስ መግዛት አይሻልም ወይ? የሚል ይኖራል። ምክሩ ለብዙ ሰው የሚሆን አይደለም። በኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አገልግለው በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ታወቀ። ኬንያም ከተሠራ ከስምንት ዓመት በላይ የሆነውን መኪና አታስገባም፤ አንድ ጊዜ የገባው ግን ብዙ ዘመን ያገለግላል። ስለዚህ ለአብዛኛው ባለ መኪና የሚበጀው ያለውን በደኅና መያዝ ነው።

ይህን ለማድረግ አንድ ነገር አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። የአሮጌ መኪና ጥማት ከአንድ ትልቅ በሽታ የሚመጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከብዙ ጥቃቅን ጕድለቶች ነው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ አንድ ለአንድ ሲታዩ የማይረቡ የሚመስሉት ሲተባበሩ መያዣውን ያደርቁታል። ስለዚህ ሞተሩን ከማስፈታት በፊት መለካት፣ ከዚያም ከማያስከፍለው ምርመራ ተነሥቶ ወደሚያስከፍለው በተራ መሄድ የተሻለ መንገድ ነው።

አስቀድሞ መለካት

አንድ ባለ መኪና ሞያሌ ውስጥ ወደሚገኝ ጋራዥ ሄዶ የሚከተለውን ንግግር ያደርጋል እንበል።

«ልጄ፣ ይህ መኪና ቤንዚን ጨረሰኝ። ካርቡራቶሩን ፈትተህ እይልኝ።»

«እሺ ጋሼ። ግን በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄድልዎታል?»

«እሱን እንኳ አላውቀውም፤ ብቻ ብዙ ይበላል።»

«እንግዲያውስ ጋሼ፣ ዛሬ ሞልተው ይሂዱና ቍጥሩን ይዘው ይመለሱ። ሳላውቀው ብፈታው መሻሉንም መባሱንም በምን እናውቃለን?»

የወጣቱ መካኒክ መልስ ትክክለኛ ነው። አለካኩም ቀላል ነው። መያዣውን እስከ አፉ አስሞልቶ የኪሎ ሜትር መቍጠሪያውን ንባብ በደብተር መጻፍ፤ ከዚያ 200 ወይም 300 ኪሎ ሜትር እንደ ወትሮው መንዳት፤ በመጨረሻም ከዚያው ማደያ እንደ ገና እስከ አፉ ማስሞላትና የገባውን ሊትር መጻፍ ነው። ለምሳሌ 280 ኪሎ ሜትር ተጕዞ 35 ሊትር ቢገባ፣ 280 ለ35 ሲካፈል መኪናው በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ሄዷል ማለት ነው። አንድ ጊዜ መለካት ሊያሳስት ስለሚችል ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መድገም ይገባል። የቤንዚን መጠን የሚያሳየው የዳሽቦርዱ መርፌ ግን ለዚህ ሥራ አይታመንም።

መቍጠሪያውም ራሱ ሊዋሽ ይችላል። ፋብሪካው ካዘዘው የሚበልጥ ጎማ የተገጠመለት መኪና በእያንዳንዱ ዙር ብዙ ስለሚራመድ፣ መቍጠሪያው ከሄደው ያነሰ ይጽፋል፤ ባለቤቱም መኪናው ቤንዚን የሚያባክን ይመስለዋል። በአውራ ጐዳና ዳር የተተከሉትን የኪሎ ሜትር ምልክቶች እየተመለከቱ ሃያ ወይም ሠላሳ ኪሎ ሜትር ላይ ማመሳከር ይህን ጥርጣሬ ያስወግዳል።

ሳይፈቱ የሚመረመሩ ነገሮች

መጀመሪያ የሚታየው ፍሳሽ ነው። መኪናው ሌሊቱን በቆመበት መሬት ላይ እርጥበት መኖሩን፣ በቱቦዎቹ መጋጠሚያ፣ በፖምፓውና በመያዣው ክዳን አካባቢ የቤንዚን ሽታ መኖሩን ጧት መመርመር ያስፈልጋል። በድንጋያማ መንገድ የኖረ መኪና ቱቦው ተሰንጥቆ ወይም መያዣው ተፈግፍጎ ሊሆን ይችላል። ፍሳሽ ሲፈለግ ክብሪት መጫር፣ ሲጋራ ማጨስ ወይም ላምባ መያዝ በፍጹም አይገባም።

ሁለተኛው ጎማ ነው። ነፋሱ የጐደለ ጎማ በመንገዱ ላይ ይተኛል፤ ሞተሩም እንደ ጭቃ ይጐትተዋል። የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር እንደሚያስረዳው፣ ጎማን ሁልጊዜ በታዘዘው ልክ መንፋት የቤንዚኑን ወጪ እስከ 3 በመቶ ሊያሻሽል ይችላል። ልኩ ብዙውን ጊዜ በነጂው በር መቃን ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ይገኛል። መለካት ያለበት ጧት ጎማው ሳይሞቅ ነው፤ በሶሎሎ የቀትር ፀሓይና በአስፋልት ላይ የጋለ ጎማ ከእውነቱ የበለጠ ቍጥር ያሳያልና። ጎሚስታ ዘንድ ሲኬድ የጎማው ጥርስ በአንድ ወገን ብቻ መበላቱንም መጠየቅ ይበጃል፤ ይህ የእግሮቹ አቅጣጫ መጣመሙን ያመለክታል።

ሦስተኛው ፍሬን ነው። የፍሬን ሸራው ከታምቡሩ ሳይላቀቅ የቀረ እንደ ሆነ፣ መኪናው ታስሮ እንደሚጐተት በሬ ይሆናል። ምርመራው እንዲህ ነው፤ ፍሬን ብዙ ሳይያዝ ጥቂት ኪሎ ሜትር ተነድቶ ከቆመ በኋላ እጅን ሳያስነኩ ወደየጎማው ቸርኬ ጠጋ ማድረግ፤ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚግል ከሆነ እዚያ ፍሬኑ ይዟል ወይም ኩሽኔታው ተበላሽቷል። ከዚያም መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሌሎቹ ጎማዎች በድንጋይ ተደግፈው፣ ያ እግር በክሪክ ተነሥቶ ማርሹ ፎሌ ላይ ሳለ በእጅ ሲሽከረከር በቀላሉ መዞር አለበት።

አራተኛው ጭነት ነው። ብዙ ሰው ከላይ የተገጠመውን ፖርቶ መጋላ ባዶውንም ቢሆን ሳያወርደው ዓመት ያስቈጥራል። በላዩ ላይ ዕቃ የተጫነ እንደ ሆነ፣ በአውራ ጐዳና ፍጥነት ከ10 እስከ 25 በመቶ የሚደርስ ቤንዚን በነፋስ መግፋት ብቻ ሊጠፋ እንደሚችል ያው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ይገልጻል። በእርግጥ በሶሎሎ መንገድ ተጨማሪ ጎማ፣ ውሃና መሣሪያ መያዝ ግዴታ ነው፤ የሚወርደው የማያስፈልገው ብቻ ነው።

አቧራና አየር

ቤንዚን ብቻውን አይነድም። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። አየሩ ካነሰ ቤንዚኑ ሳይቃጠል በጥቍር ጭስ መልክ ይወጣል። አየሩም ወደ ሞተሩ የሚገባው መካኒኮቻችን ዲፕራተር በሚሉት የአየር ማጣሪያ በኩል ነው።

ከማርሳቢት ወደ ሞያሌ የሚያልፈው አውራ ጐዳና እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010ዎቹ ዓመታት አስፋልት ለብሷል፤ ይሁንና ከአውራ ጐዳናው ወጥቶ ወደ መንደሩና ወደ ውሃ ጕድጓዱ የሚነዳ ሰው ከአቧራው አያመልጥም። ለእንዲህ ያለው ነጂ በመመሪያው መጽሐፍ የተጻፈው የማጣሪያ መለወጫ ርቀት ይረዝምበታል። በካርቡራቶር የሚሠራ አሮጌ መኪና ማጣሪያው በጣም ሲደፈን ብዙ ቤንዚን ያባክናል። ኮምፒዩተር የቤንዚኑን መጠን በሚወስንለት መኪና ግን የታፈነ ማጣሪያ በይበልጥ የሚቀንሰው ጕልበቱን ነው። በሁለቱም ዘንድ ማጣሪያውን አውጥቶ ያለ እርሱ መንዳት ትልቅ ስሕተት ነው፤ አቧራው ሲሊንደሩን እንደ አሸዋ ወረቀት ፍቆ ይጨርሰዋልና።

ካንዴላው ምን ይናገራል?

ሐኪም የበሽተኛውን ምላስ እንደሚያይ፣ ብልህ መካኒክ ካንዴላ ፈትቶ ቀለሙን ይመለከታል። ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ቃጠሎው ደኅና ነው። ደረቅ ጥቀርሻ የለበሰ ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል ወይም ብልጭታው ደክሟል። ጥቍርና በዘይት የራሰ ከሆነ የሞተር ዘይት ወደ መቃጠያው ክፍል እየገባ ነው። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ የሚመስል ከሆነ ደግሞ አየሩ በዝቶ ሞተሩ ከመጠን በላይ እየጋለ ነው። ከአራቱ ካንዴላዎች አንዱ ብቻ ከሌሎቹ የተለየ ሲሆን፣ በሽታው ያለው በዚያው ሲሊንደር ውስጥ ነው።

በጣም አሮጌ በሆኑት መኪናዎች ፑንቲናው ተበልቶ እንደ ሆነና የብልጭታው ሰዓት ከቦታው ተዛንፎ እንደ ሆነ ማየት ይገባል። ብልጭታው ሲዘገይ ቤንዚኑ ፒስተኑን በሚገባ ሳይገፋ ይቃጠላል፤ ሙቀቱም ሥራ ሳይሠራ በማርሚታው በኩል ይወጣል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ቾኩ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን፣ ሚኒሞውም ያለ መጠን ከፍ ብሎ አለመታሰሩን ማረጋገጥ ከዚሁ ምርመራ ጋር የሚሄድ ነው።

ቴርሞስታቱ የት ሄደ?

በሞቃት አገር የሚነዱ ብዙ ሰዎች መኪናቸው በፈላ ቍጥር ቴርሞስታቱን አውጥተው ይጥሉታል። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚያግድ፣ ሲሞቅም የሚከፍት ትንሽ በር ነው። በሩ ከሌለ ሞተሩ በተለይ በጧትና በደጋ መንገድ ተገቢውን ሙቀት ሳያገኝ ይውላል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ይወፍራል፤ ኮምፒዩተር ያለው መኪናም ሞተሩ ገና እንደ ተነሣ ስለሚቈጥረው ተጨማሪ ቤንዚን መርጨቱን አይተውም። ሰውዬው ከመፍላት የዳነ መስሎት የቤንዚን ዕዳ ገባ ማለት ነው።

የመፍላቱ እውነተኛ መንሥኤ ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው፤ የተደፈነ ራዲያተር፣ የላላ ቀበቶ፣ የደከመ የውሃ ፖምፓ ወይም የሚያፈስ ቱቦ ይሆናል። እነዚህን አስጠግኖ ቴርሞስታቱን በቦታው መመለስ ተገቢ ነው። የሙቀት መርፌው ከረጅም ጕዞ በኋላ እንኳ ከታች የማይነሣ ከሆነ፣ ቴርሞስታቱ የለም ወይም ተከፍቶ ቀርቷል ብሎ መጠርጠር ይቻላል።

የዳሽቦርዱ መብራት

ከሠላሳ ዓመት ወዲህ የተሠሩት አብዛኞቹ የቤንዚን መኪናዎች በጭስ ማውጫቸው ላይ ኦክሲጅን ሴንሰር የሚባል መሣሪያ አላቸው። መሣሪያው ከሚወጣው ጭስ ውስጥ የተረፈውን ኦክሲጅን እየለካ ቤንዚኑ እንዲጨመር ወይም እንዲቀነስ ለኮምፒዩተሩ ያሳውቃል። ሲያረጅ የሐሰት ወሬ ያቀብላል። ቀደም ሲል የተጠቀሰው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ የተበላሸ ኦክሲጅን ሴንሰር በመለወጡ ብቻ የቤንዚኑ አጠቃቀም እስከ 40 በመቶ የተሻሻለበት ጊዜ አለ። የሞተር ምልክት ያለበት ብጫ መብራት ሲበራ አምፑሉን የሚያስነቅል ሰው ሕመሙን ሳይሆን መልእክተኛውን ያስወግዳል። መብራቱ ምን እንደሚል በማንበቢያ መሣሪያ ማስነበብ ብዙ ዕቃ በግምት ከመለወጥ ይልቅ ርካሽ ነው።

ደጋና ቆላ

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌና ወደ ሶሎሎ ለሚመላለሱ ሰዎች ልዩ ማስታወሻ አለ። ሞያሌ ያለው የጋራ የድንበር መቈጣጠሪያ ጣቢያ ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በሁለቱ አገሮች መሪዎች ከተመረቀ ወዲህ በዚህ መሥመር መጓዝ ይበልጥ የተለመደ ነገር ሆኗል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር ወደ ደጋ ሲወጣ አየሩ ይሳሳል፤ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ድብልቁ ይወፍራል፣ ጭሱም ይጠቍራል። ደጋ ላይ የተስተካከለው ደግሞ ወደ ሶሎሎ ቆላ ሲወርድ አየሩ ስለሚበዛበት ሞተሩ ሊግል ይችላል። እንግዲህ ካርቡራቶር መስተካከል ያለበት መኪናው ዘወትር በሚሠራበት አገር ነው። በኮምፒዩተር የሚሠራው መኪና ግን ይህን ልዩነት በራሱ ያስተካክላል።

ሞተሩ ራሱ ያረጀ እንደ ሆነ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ተመርምሮ ጥማቱ ካልቀነሰ፣ ወደ ሞተሩ ውስጥ መግባት ይቻላል። መጀመሪያ የየሲሊንደሩ የመጭመቅ ኃይል በመለኪያ ይለካል። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ዝቅ ካለ፣ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደ ገና መለካት ነው። ቍጥሩ ከፍ ካለ የተበላው የፒስተኑ ፋሻ ነው፤ ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ዘግቶታልና። ቍጥሩ ካልተለወጠ ጕዳቱ በቫልቩ ወይም በጋርኒሲዮኑ በኩል መሆኑ ይጠረጠራል። ይህ ምርመራ ከአንድ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ ሲሆን፣ ሞተሩ መፈታት ያለበት መሆኑንና አለመሆኑን በማስረጃ ይለያል።

ከጋራዥ ጋር ለመነጋገር ቃሉንም ማወቅ ይጠቅማል። የኢትዮጵያ መካኒክ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ጎሚስታ የሚላቸው ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ድንበሩን ተሻግሮ ሶሎሎ ላይ የሚያሠራ ሰው ግን መካኒኩን ፈንዲ ይለዋል፤ ቃላቱም ከእንግሊዝኛና ከስዋሂሊ የተወሰዱ ይሆናሉ። በስዋሂሊ ማፉታ የሚለው ቃል ለነዳጅም ለዘይትም ስለሚነገር፣ የትኛው እንደ ተፈለገ በጣት ማሳየት ከስሕተት ያድናል።

የነጂው እግር

መኪናው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ቤንዚን የሚያስጨርስ ነጂ አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው፣ በኃይል ተነሥቶ በኃይል ፍሬን የሚይዝ ሰው በአውራ ጐዳና ከ15 እስከ 30 በመቶ ቤንዚን በከንቱ ሊያጠፋ ይችላል። የአየሩ ተቃውሞ ፍጥነቱ በጨመረ ቍጥር በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ በሰዓት ከ80 ወደ 110 ኪሎ ሜትር ያፈጠነ ነጂ የሚገፋው የአየር ተቃውሞ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ከሶሎሎ መገንጠያ እስከ ሞያሌ በዚህ ፍጥነት የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው።

ቍልቍለት ላይ ማርሹን ፎሌ አድርጎ መንሸራተት ቈጣቢነት የሚመስላቸው አሉ። ይህ አደገኛ ልማድ ነው፤ ሞተሩ መያዙን ሲተው ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ጥቅምም የለውም፤ ኮምፒዩተር ያለው መኪና በማርሽ ሲወርድና እግር ከቤንዚን መስጫው ላይ ሲነሣ ቤንዚኑን በራሱ ያቋርጣል፤ ፎሌ ላይ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን መጠጣቱን ይቀጥላል። እንዲሁም በድንበር ፍተሻ ወይም በገበያ ተራ ሲጠብቅ ሞተሩን የማያጠፋ ሰው፣ እንደ መኪናው ትልቅነት በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ያህል ቆሞ ያቃጥላል።

ከሐሰት መድኃኒት መጠበቅ

ጥማት ባለበት የመድኃኒት ነጋዴ አይጠፋም። በቤንዚን ቱቦ ላይ የሚታሰር ማግኔት፣ በመያዣው የሚጨመር ክኒን፣ በአየር መግቢያ የሚገጠም ማሽከርከሪያ በየገበያው ይሸጣል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት እንዲህ ያሉትን ከመቶ የሚበልጡ ዕቃዎች መርምሮ፣ የቤንዚንን አጠቃቀም በእጅጉ የሚያሻሽል አላገኘባቸውም። ገንዘቡ ለማጣሪያና ለካንዴላ ቢውል ይሻላል።

በመንገድ ዳር በጠርሙስና በጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚንም ጥንቃቄ ይፈልጋል። መጠኑ ሊጐድል፣ ውሃ ወይም ላምባ ሊቀላቀልበት ይችላል። ላምባ የገባበት ቤንዚን ሞተሩን ያንኳኳል፤ ጥቀርሻም ያበዛል። ከመንገድ ዳር የቀዳ ሰው የሚያገኘው ልኬት ሁሉ ስለሚሳሳት፣ መኪናው ታመመ ብሎ ከመፍረዱ በፊት ከማደያ ሞልቶ እንደ ገና መለካት አለበት።

በአጭሩ

በየሳምንቱ ጎማን፣ ውሃንና ዘይትን ማየት፤ በየወሩ ማጣሪያውን መመርመርና ፍሳሽ መፈለግ፤ በየሞላው ሊትሩንና ኪሎ ሜትሩን በአንድ ትንሽ ደብተር መጻፍ ይገባል። ደብተሩ በመኪናው ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ ከባልና ሚስት ማንም ቢቀዳ ይጻፍበት። ቍጥሩ በሁለት ተከታታይ ሙሊት ከወትሮው አንድ ኪሎ ሜትር በሊትር የቀነሰ እንደ ሆነ፣ ምርመራው ከላይ በተጻፈው ተራ ይጀመር፤ አንዱ ከተጠገነ በኋላም ሌላው ከመነካቱ በፊት እንደ ገና ይለካ። ሁለት ነገር በአንድ ቀን የለወጠ ሰው የትኛው እንደ ረዳው አያውቅም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ምክር ለመኪናም የተነገረ ነው፤ በጧቱ የተገኘች ትንሽ ጕድለት በጥቂት ገንዘብ ትድናለች፤ የተተወችው ግን ሰውን በቆላው መካከል፣ ከማደያ ርቆ፣ በባዶ መያዣ ታቆመዋለች።